አርጃኖ በባኞ ቤት

ነገሩ የጀመረው እንግድነት ሄጄ ነው። ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ቤት አርፌያለሁ። ቤቱ ጢም ብሏል። ሚስቱ ሦስተኛ ልጃቸውን ከወለደች ገና ሁለተኛ ወሯ ነው። እናቱ ደግሞ ልጅ ለማቀፍ ከደብረ ማርቆስ ድረስ መጥተዋል።

በማግስቱ ጠዋት ቡና እየጠጣን ከውስጥ ጩኸት ሰማን። «ኧረ በእግዚአብሔር! ኧረ ድረሱልኝ!» ተሯሩጠን ስንገባ እናቲቱ ባኞ ቤቱ በር ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያማትባሉ። ገንዳው ውስጥ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን፣ ጀርባው ላይ እንደ መጋዝ የቆመ እሾህ ያለው አረንጓዴ ፍጥረት ተጋድሞ ሞቅ ባለ ውኃ ይዝናናል።

«አርጃኖ! አርጃኖ ገብቷል!» አሉ እናቲቱ።

የአሥራ ሦስት ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እማማ፣ የኔ ፔት ነው። ምንም አያደርግም።»

«ፔት ምንድን ነው?»

«ለማዳ እንስሳ ማለት ነው እማዬ» አለ ጓደኛዬ።

«ምን ይሠራል?»

ሁላችንም ዝም አልን። እሳቸው ቀጠሉ። «ውሻ ቤት ይጠብቃል። ድመት አይጥ ትይዛለች። ይኼ ምን ይሠራል?»

«ምንም አይሠራም እማማ፤ ዝም ብሎ ቁጭ ብሎ ያያል» አለ ልጁ።

«ቁጭ ብሎ ለማየትማ እኔ መች አነስኩ!»

ሳቅን። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። የዚያን ዕለት የሳቅነው በኢጓናው አልነበረም፤ በእሳቸው ነበር። የባላገር ሴት ፈረንጅ አገር መጥታ በሠለጠነ እንስሳ ደነገጠች ብለን ነው የሳቅነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሲከነክነኝ ሳነብና ስጠይቅ ከረምኩ። ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው እንግዲህ ያችን ሳቅ ለመመለስ ነው።

በመጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። እናቲቱ ያዩት አርጃኖ አይደለም፣ ኢጓና ነው። አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ቅጠል በል ነው። አርጃኖ የኛው ሰው ነው። በባሮ፣ በአዋሽ፣ በጫሞ ዳርቻ የሚኖር፣ እስከ ሁለት ሜትር የሚያድግ፣ ሥጋ በልና የአዞ እንቁላል ቀማኛ ነው። ግን እናቲቱ ብዙም አልተሳሳቱም። ምክንያቱም በዚያ አገር የእንስሳት መሸጫ መደብሮች ኢጓና ብቻ ሳይሆን እውነተኛው አርጃኖም ለዓመታት ሲሸጥ ኖሯል። ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከነጋና፣ ከነቶጎና ቤኒን በሳጥን እየታሸገ ይመጣ ነበር። እኛ ወንዝ ዳር ስናየው ድንጋይ ይዘን የምንሸሸውን ፍጥረት፣ የአትላንታና የሚያሚ ሰው በክሬዲት ካርድ ገዝቶ ሳሎን ያስገባው ነበር።

ሻጩ የሚያሳይህ ትልቁን አይደለም። የሚያሳይህ ከመዳፍህ ብዙም የማያልፍ፣ ዓይኑ የሚያበራ፣ ጣትህ ላይ ወጥቶ የሚቀመጥ ጫጩት ነው። ዋጋውም ርካሽ ነው፤ አንድ የልጅ ጫማ አይገዛም። «ምን ያህል ያድጋል?» ብለህ ካልጠየቅህ አይነግርህም። ብትጠይቀውም «እንደ አያያዝህ ነው» ይልሃል። ውሸት ነው። እንደ አያያዝህ አያድግም፤ በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ እንደ ተፈጥሮው ያድጋል። እንደ ተፈጥሮው ካላደገም እየሞተ ነው ማለት ነው።

ስንቱ እንደሚሞት ደግሞ ማን ይቆጥረዋል! ኢጓና ሰውነቱን የሚያሞቀው ከውጭ ነው። ለሰው የሚያልብ ሙቀት ያለው ማረፊያ ይፈልጋል። የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚተካ ልዩ መብራት ይፈልጋል፤ መብራቱ ሳይጠፋ ጨረሩ ስለሚያልቅም በየጊዜው መለወጥ አለበት። ይህ ካልሆነ ካልሲየሙን ሰውነቱ አይጠቀምበትም፤ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ መንጋጋው ያብጣል፣ እግሩ ይጣመማል። የሥጋ ምግብ የሰጠኸው እንደሆነ ደግሞ ኩላሊቱ ይሄዳል። ሲያድግ የሚበቃው ቤት የአንድ ክፍል ያህል ነው። ርካሹ ጫጩቱ ነው እንጂ ኑሮው አይደለም። በደህና ከተያዘ ደግሞ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ዓመት ይኖራል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የገዛው ኢጓና ልጁ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ራሰ በራ መሆን ሲጀምር ገና ገንዳ ውስጥ ነው። ልጁ ኮሌጅ ሲገባ ማን ያጥበዋል? መቼም እናት ናት!

ይህ ሁሉ ግን የገንዘብና የድካም ነገር ነው፤ ሰው በገንዘቡና በድካሙ የፈለገውን ቢያደርግ መብቱ ነው እንበል። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላው ነው። ገንዳው።

በሽታው ሳልሞኔላ ይባላል። እኛ የምናውቀው ከዶሮና ከእንቁላል ጋር ነው። ነገር ግን እንሽላሊት፣ እባብና ኤሊ ጀርሙን አንጀታቸው ውስጥ ይዘው፣ ራሳቸው ምንም ሳይሆኑ፣ በኩሳቸው እያወጡ ይኖራሉ። ጓደኛዬን «ሐኪም አይቶታል?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «እንዴታ! የእንስሳት ሐኪም አይቶት ፍጹም ጤነኛ ነው ብሏል» አለኝ ኮራ ብሎ። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ጤነኛ መሆኑ አንተን አይጠቅምህም። እሱ ጤነኛ ሆኖ ነው ልጅህን የሚያሳምመው።

«እኛ እኮ እጃችንን እንታጠባለን» ትሉ ይሆናል። እስቲ የዴንቨርን ታሪክ ስሙ። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 በኮሎራዶ የዴንቨር መካነ እንስሳት የኮሞዶ ድራጎን ለሕዝብ አሳየ። የዓለማችን ትልቁ እንሽላሊት ነው። ሕዝቡ በእንጨት አጥር ተከልሎ ነበር የሚያየው። ከዚያ በኋላ ስድሳ አምስት ያህል ሰዎች በሳልሞኔላ ታመሙ፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ። መርማሪዎቹ ነገሩን ሲያጠኑ የታመሙት ልጆች እንስሳውን አልነኩም። የነኩት የእንጨት አጥሩን ነበር። ድራጎኑ በረገጠው እግሩን አጥሩ ላይ አሳርፏል፤ ልጆቹ አጥሩን ተደግፈው አዩ፣ ከዚያ እጃቸውን ወደ አፋቸው ሰደዱ። ይኸው ነው። አጥር የተባለው ራሱ በሽታ አስተላላፊ ሆነ ማለት ነው። ያውም ባለሙያ በሚጠብቀው ቦታ! ጓደኛዬ ቤት ደግሞ አጥር የለም። ኢጓናው በሶፋው ላይ ይሄዳል፣ ምንጣፉን ይረግጣል፣ ገንዳው ውስጥ ይጸዳዳል። ምንጣፉ ላይ በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ሕፃን መዳህ ይጀምራል።

አሜሪካኖቹ ይህን አያውቁም እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 መንግሥታቸው ቅርፊቷ ከአሥር ሴንቲ ሜትር ያነሰች ትንሽ ኤሊ ለቤት እንስሳነት እንዳትሸጥ ከልክሏል፤ ምክንያቱ ሕፃናት አፋቸው ውስጥ እየከተቷት ስለታመሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት በዚያ አገር ከተሳቢና ከእንቁራሪት መሰል እንስሳት ጋር በተያያዘ በዓመት ሰባ አራት ሺህ ያህል ሰው በሳልሞኔላ እንደሚያዝ ገምቷል። የበሽታ ቁጥጥር ማዕከላቸውም ዕድሜው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን፣ ከስድሳ አምስት በላይ የሆነ አዛውንት ወይም የበሽታ መከላከያ አቅሙ የደከመ ሰው ባለበት ቤት እንዲህ ያለ እንስሳ ባይኖር ይሻላል ይላል። አሁን የጓደኛዬን ቤት ቁጠሩልኝ። ሕፃን፣ አለ። አዛውንት፣ አሉ። አራስ፣ አለች። ኢጓና፣ ገንዳ ውስጥ አለ። ማስጠንቀቂያውን የጻፉት ሰዎች ይህን ቤት አይተው የጻፉ ነው የሚመስለው።

ስለ ንክሻ ደግሞ እናውራ። እ.ኤ.አ. በ2001 የሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ የነበረው ፊል ብሮንስታይን፣ የተዋናይት ሻሮን ስቶን ባል በነበረበት ጊዜ፣ በሎስ አንጀለስ መካነ እንስሳት የኮሞዶ ድራጎን ጎጆ ውስጥ በክብር እንግድነት ገባ። ጠባቂው ነጭ ጫማህን አውልቅ አለው፤ ድራጎኑ የሚበላቸው ነጭ አይጦች እንዳይመስሉት። አወለቀ። ድራጎኑ ባዶ እግሩን ያዘው። የተበጠሰ ጅማቱ በቀዶ ሕክምና ተጠገነ። ልብ በሉ፣ አጠገቡ በሥራው የሠለጠነ ጠባቂ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናትም የዚህ እንስሳ መንጋጋ ውስጥ የመርዝ ዕጢ እንዳለ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 በኮሎራዶ አንድ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ቤቱ ያሳድጋት የነበረች ጊላ ሞንስተር የምትባል መርዛማ እንሽላሊት ነክሳው በቀናት ውስጥ ሞተ። ርዝመቷ ግማሽ ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በዴላዌር፣ ብቻውን ይኖር የነበረ ሰው ከሥራ ሲቀር ፖሊስ ቤቱን ሰብሮ ገባ። ሰውየው ሞቷል። ያሳድጋቸው የነበሩ ሰባት አርጃኖዎች ሬሳውን ሲበሉ ተገኙ። አሟሟቱ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ የማነሣው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ለነሱ ጌታቸው አልነበረም፤ ምግብ የሚያቀርበው እጅ ነበር። እጁ መንቀሳቀስ ሲያቆም ራሱ ምግብ ሆነ።

እዚህ ላይ ሲደርስ ጓደኛዬ ትዕግሥቱ አለቀ። «አንተ ደግሞ ታካብዳለህ! ውሻ ስንት ሰው ይነክሳል? አገር ቤት በእብድ ውሻ የሚሞተው ስንት ነው? ኢጓና ገደለው የተባለ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ?»

ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ተገቢ መልስም ይገባዋል። አዎ፣ ውሻ ከኢጓና እጅግ የበለጠ ሰው ይነክሳል፣ ይገድላልም። ውሻ በየቤቱ ስላለ ነው። ነገር ግን ውሻ ከሰው ጋር ከአሥር ሺህ ዓመት በላይ ኖሯል። በዚያ ሁሉ ዘመን የሚናከሰው ተገሎ፣ የሚታዘዘው ተዋልዶ እዚህ ደርሷል። ሲቆጣ እንዴት እንደሚያጉረመርም፣ ሲፈራ ጅራቱን የት እንደሚያስገባ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ክትባት አለው፣ ሰንሰለት አለው፣ ሕግ አለው። እንሽላሊት ይህ ሁሉ የለውም። አንዱ ኢጓና አንተን ሊለምድ ይችላል፤ ኢጓና የሚባለው ዘር ግን ሰውን አልለመደም። መልመድና ቤተኛ መሆን ለየቅል ናቸው። ጫጩቱ ከጫካ ከመጣው ወንድሙ የሚለየው ያንተን ፍሪጅ በማየቱ ብቻ ነው። ወንዱ ለአካለ መጠን ሲደርስና ወቅቱ ሲመጣ ትናንት ትከሻህ ላይ የተኛው ዛሬ ጅራቱን እንደ አለንጋ ያነሣብሃል። ከፋህ ብሎ አይደለም። ግዛቱ ውስጥ ስለገባህ ነው።

ባለቤቶቹ ግን ይህን አይሰሙም። «ይወደኛል፤ ሲያየኝ ዓይኑን ይጨፍናል» ይላሉ። ዓይኑን የጨፈነው ሊሸሽህ ስላልቻለ ቢሆንስ? ዝም ያለን ሁሉ የተስማማ አድርጎ የማየት በሽታ አለብን። በሰው ላይም እናደርገዋለን።

አንድ ነገር ላስተካክል። ከእጅ ጣት ብዙም የማትበልጥ ትንሽ እንሽላሊት በመስታወት ሣጥን ይዘው፣ መብራቷን አስተካክለው፣ እጃቸውን ታጥበው የሚኖሩ ጠንቃቃ ሰዎች አሉ። ስለተሳቢ እንስሳት ያለንን ዕውቀት ያሰፉልን ከነዚህ መካከል የወጡ ናቸው። ጠቤ ከነሱ ጋር አይደለም። ጠቤ ትልቁን የዱር እንስሳ እንደ ሶፋ ዕቃ ከሚሸጠውና ለልደት ስጦታ ብሎ ከሚገዛው ጋር ነው።

የሚገዛው ሰው መጨረሻው ይታወቃል። አንድ ቀን ይመረዋል። ሲመረው ወዴት ይወስደዋል? መደብሩ አይመልስለትም። መጠለያዎቹ ሞልተዋል። ስለዚህ ማታ መኪናው ውስጥ ከቶት ወንዝ ዳር ይሄድና «ነጻ አወጣሁት» ብሎ ይመለሳል። የፍሎሪዳ ጉድ የመጣው ከዚህ ነው። ኢጓና እዚያ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው፤ ከቤት ያመለጡና የተጣሉ ነበሩ። ዛሬ በደቡብ ፍሎሪዳ የቦይና የውኃ መከላከያ ግንብ ሥር እየቆፈረ የሚንድ፣ የአትክልት ቦታ የሚያወድም መንጋ ሆኗል። ኬፕ ኮራል የምትባለው ከተማ ከስድስት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር በላይ ቦይ አላት፤ ከ1990 ገደማ ጀምሮ የኛው አርጃኖ እዚያ ገብቶ ተዋልዷል። በጉድጓድ የምትኖር፣ ከተማዋ የምትኮራባት ትንሽ ጉጉት አለች፤ አርጃኖው እሷንም እንቁላሏንም ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ግዛቲቱ ኢጓናንና አርጃኖን ጨምሮ አሥራ ስድስት ዓይነት ተሳቢ እንስሳትን ከለከለች። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!

«ነጻ የወጣው» ራሱስ? ብርድ ሲመጣ ደሙ ይረጋበትና ከዛፍ ላይ እንደ ፍሬ ይረግፋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የሚያሚ የአየር ትንበያ ቢሮ ከዛፍ የሚወድቅ ኢጓና ሊያጋጥማችሁ ይችላል ብሎ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ዓለም ሳቀ። እኔ ግን ሳላስበው ያ በሳጥን ታሽጎ የመጣ ጫጩት ትዝ አለኝ።

«ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የምትሉም አላችሁ። ያገባናል። በኛው አካባቢ የአቦሸማኔ ግልገል ከእናቱ ጉያ እየተነጠቀ፣ በሶማሌላንድ በኩል በጀልባ ባሕር ተሻግሮ የባሕረ ሰላጤው ባለጸጋዎች መኪና ውስጥ እንዲታይ ሲሸጥ ኖሯል። ከአዘዋዋሪዎች እጅ የተያዙ በአሥሮች የሚቆጠሩ ግልገሎች እዚያው ሶማሌላንድ ውስጥ ሰው እያበላቸው ያድጋሉ። ብዙዎቹ ግን መንገድ ላይ አልቀዋል። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች እንኳ ነገሩ ሲበዛባት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ ግለሰቦች አደገኛ የዱር እንስሳ ቤታቸው እንዳያሳድጉ ከልክላለች። ሻጩ ድሃ ነው፣ ገዢው ሀብታም ነው፣ ከፋዩ ግልገሉ ነው።

ከዱር እንስሳ ጋር እንዴት እንደሚኖር ለማወቅ ደግሞ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ሐረር አለችልን። የሐረር ሰው ጅብ ያበላል፤ በስሙ ይጠራዋል፤ ቱሪስት ይጎበኘዋል። ሲጠግብ ግን ጅቡ ወደ ዱሩ፣ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጅቡን ወደ ሳሎን አስገብቶ ቁርበት ያነጠፈለት የለም። ያ ነው ለዱር እንስሳ ያለ ክብር፤ ጅቡ ጅብ ሆኖ እንዲኖር መተው።

ወደ ጓደኛዬ ቤት ልመለስ። በቆየሁባቸው ቀናት አንድ ነገር አስተውያለሁ። እናቲቱ ሕፃኑን አንድም ቀን ባኞ ቤቱ ውስጥ አላጠቡትም። ከአንድ ሱቅ አዲስ የፕላስቲክ ሳፋ አስገዝተው፣ መኝታ ቤት ውስጥ፣ ውኃ እያመላለሱ ያጥቡት ነበር። ምንጣፉ ላይም አያስተኙትም፤ ንጹሕ ጋቢ ያነጥፋሉ። ኢጓናውን ነክቶ የመጣውን ትልቁን ልጅ «እጅህን ሳትታጠብ ሕፃኑን እንዳትነካ!» እያሉ ያባርሩታል። ምራቲቱ ለኔ ዝቅ ባለ ድምፅ «ያገር ቤት ነገር አልለቅ ብሏቸው ነው» አለችኝ። የበሽታ ቁጥጥር ማዕከሉን ምክር ኋላ ሳነብ ከእናቲቱ ሥራ ጋር አንድ በአንድ ገጠመ። ልዩነቱ እሳቸው እንግሊዝኛ አለማንበባቸው ነው።

ጓደኛዬን ይህን ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። በኋላ ዝም አለ። ማታ ላይ ስልክ ሲደዋውል ሰማሁት። የገዛበት መደብር አንቀበልም አለ። ሁለት መጠለያዎች ወረፋ አለ አሉት። ልጁ ክፍሉ ውስጥ ያለቅሳል። ኢጓናው ገንዳው ውስጥ ነው። እስከ ዛሬም መፍትሔ አልተገኘለትም፤ ለጊዜው የተደረገው ሕፃኑ ወደማይደርስበት ምድር ቤት ማውረድ ነው።

ስለዚህ ገና ላልገዛችሁ ነው የምለምነው። ልጃችሁ መደብር ውስጥ እጃችሁን ይዞ ሲያለቅስባችሁ ሻጩን አራት ነገር ጠይቁልኝ። ምን ያህል ያድጋል? ስንት ዓመት ይኖራል? ሲመረኝ ማን ይወስደዋል? ቤቴ ውስጥ ካለው ደካማ ሰው ጋር እንዴት ይኖራል? ሻጩ በነዚህ አፉን ከያዘ፣ የደብረ ማርቆሷን እናት ጥያቄ ጨምሩለት፦

«ምን ይሠራል?»